አህያውን ፈርቶ ዳውላውን

«ድረ ገጻችን የሚንቀራፈፈው ዳታቤዙ ስለማይረባ ነው፤ ወደ ሌላ እንቀይረው» ይለኛል አንዱ።

ዳታቤዙ ምን አጠፋ ወንድሜ? ያዘዝከውን ሠራ። ከአንድ ሚሊዮን ትእዛዝ ውስጥ የአንዲት ደንበኛን ብቻ አምጣ አልከው፤ በየት አቋርጦ እንደሚደርስባት ግን መንገድ አላበጀህለትም። እሱም ሚሊዮኑን ረድፍ ከላይ እስከ ታች አነበበልህ። ፖስትግሬስ ብታደርገው ያነባል፣ ማይኤስኪውኤል ብታደርገው ያነባል፣ ኦራክል ገዝተህ ብታመጣም ያነባል። ጥፋቱ ኩዌሪው ላይ ሆኖ ሳለ ኢንጂኑን መውቀስ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው።

ይህን ስል ተቆጥቼ ነው። ወራት የሚፈጅ የዳታቤዝ ለውጥ ተደርጎ፣ ያው ኩዌሪ ከነሕመሙ ወደ አዲሱ ቤት ሲገባ አይቻለሁ። የሚባክነው የወጣት ባለሙያ ጉልበትና የድርጅት ገንዘብ ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው ይሄ ነው።

«ታዲያ ከየት ልጀምር?»

ከኤክስፕሌይን። ይህችን አንዲት ቃል ከኩዌሪህ ፊት ጻፋት፤ ዳታቤዙ በየት በኩል ሊሄድ እንዳሰበ ይነግርሃል። የኢንተርኔት ሱቅ አለህ እንበል፤ የትእዛዝ ሠንጠረዡ አንድ ሚሊዮን ረድፍ ይዟል፤ አንተ የምትፈልገው የደንበኛ ቁጥር 4821 ትእዛዞችን ነው። ማይኤስኪውኤል በመልሱ «ታይፕ» በሚለው ሥር «ኦል»፣ «ኪ» በሚለው ሥር «ነል»፣ «ሮውስ» በሚለው ሥር ወደ ሚሊዮን የሚጠጋ ቁጥር ከጻፈልህ፣ ሠንጠረዡን በሙሉ ሊያነብ ነው። ፖስትግሬስ ይህንኑ «ሲክ ስካን» ይለዋል። አሁን በደንበኛ ቁጥሩ ዓምድ ላይ ኢንዴክስ ሥራና መልሰህ ጠይቀው። «ኦል» የነበረው «ሬፍ» ይሆናል፤ ሚሊዮን የነበረው ደንበኛዋ ወዳዘዘችው ልክ፣ ዐሥርም ይሁን ዐሥራ ሁለት፣ ይወርዳል። የጻፍከው አንድ መስመር ነው። ኢንጂኑ ያው፣ ሰርቨሩም ያው።

የዚህ ጉልበት ምንጭ ቢ-ትሪ የሚባለው አደረጃጀት ነው። ሩዶልፍ ባየርና ኤድዋርድ ማክራይት ቦይንግ ውስጥ ሲሠሩ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ያወጡት ነው፤ ሦስት አራት ገጽ ብቻ ገልጦ ከሚሊዮኖች መካከል የተፈለገው ላይ ያርፋል። ዛሬ በማይኤስኪውኤልም፣ በፖስትግሬስም፣ በኤስኪውኤላይትም ውስጥ ኢንዴክስ ሥራልኝ ስትል የሚሰጥህ ይኸው ነው። አዲስ ኢንጂን ፍለጋ ከመሮጥህ በፊት በእጅህ ባለው ተጠቀም።

«ኢንዴክስማ አለን፤ አይሠራም እንጂ።»

አይሠራም ወይስ እንዳይሠራ አድርገኸዋል? ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል።

የክፍለ ከተማ መዝገብ ቤትን አስብ። ፋይሉ በስም፣ ቀጥሎ በአባት ስም፣ ቀጥሎ በአያት ስም ተደርድሯል። «አበበ ከበደ» ብለህ ከገባህ ሠራተኛዋ በቀጥታ መደርደሪያው ጋ ትሄዳለች። «የአባቱ ስም ከበደ ነው፤ የራሱን አላውቅም» ካልካት ግን መደርደሪያውን ሁሉ ልታገላብጥ ነው። ሦስት ዓምድ አጣምሮ የያዘ ኢንዴክስም እንዲሁ ከግራ ነው የሚነበበው። አንተ በአባት ስም ብቻ እየፈለግህ «ኢንዴክሱ በስም፣ በአባትና በአያት ተሠርቷል» ብትለኝ አልሠራህለትም ብዬ እመልስልሃለሁ።

ስልክ ቁጥሩስ? ዓምዱን እንደ ጽሑፍ አስቀምጠኸዋል፤ ልክ ነህ፤ ቁጥር ብታደርገው ከፊት ያለችው ዜሮ ትጠፋ ነበር። ስትፈልግ ግን ያለ ትእምርተ ጥቅስ፣ እንደ ቁጥር ትጽፈዋለህ። ያኔ ማይኤስኪውኤል የእያንዳንዱን ረድፍ ጽሑፍ ወደ ቁጥር እየለወጠ ማወዳደር ይጀምራል፤ ኢንዴክሱም ይቀራል። ሁለት ጭረት ማከል ነበር የቀረህ። ፖስትግሬስ በዚህ ላይ ጨካኝ ነው፤ ጽሑፍን ከቁጥር አላወዳድርም ብሎ ስሕተት ይመልስልሃል። እኔ ይህን ጭካኔውን እወድለታለሁ፤ ጥፋትህን ደንበኛ ሳያየው አንተ ታየዋለህ።

ሌላው «ላይክ» ነው። ፐርሰንቱን ከቃሉ ኋላ ብታደርገው ኢንዴክሱ ሊያግዝህ ይችላል፤ ከፊት ካደረግከው ግን ቃሉ በምን ፊደል እንደሚጀምር ስላልነገርከው ቢ-ትሪው መነሻ የለውም።

«እንግዲያው ሁሉም ዓምድ ላይ ኢንዴክስ ልሥራና ልገላገል።»

አትገላገልም። አንድ ረድፍ በጨመርክ ቁጥር እያንዳንዱ ኢንዴክስ አብሮ መጻፍ አለበት። ዐሥር ኢንዴክስ ያለው ሠንጠረዥ ላይ አንድ ትእዛዝ ማስገባት ዐሥራ አንድ ቦታ መጻፍ ነው። ለምትጠይቀው ጥያቄ ብቻ ሥራ።

«እኛ ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ስለምንይዝ እንደ ጽሑፍ ነው የምናስቀምጠው» አለችኝ አንዷ።

እህቴ፣ አቆጣጠሩ የኛ ነው፤ ያኮራል። አቀማመጡ ግን ያስቸግርሻል። «1/1/2017» እና «2/5/2009» ብለሽ በጽሑፍ ካስቀመጥሽ፣ ዳታቤዙ ሲደረድር የ2017ቱን ከ2009ኙ ያስቀድማል፤ እሱ የሚያየው 1 ከ2 በፊት መሆኗን ነው እንጂ ዓመቱን አይደለም። ከዚህ እስከዚህ ያለውን አውጣ ብትይውም የተሳሳተ ሪፖርት ይሰጥሻል፤ ያ ሪፖርት ደግሞ ፋይናንስ ክፍል ይደርሳል።

«እሺ፣ በቀን ዓይነት አድርጌ የኛኑ ቁጥር እንዳለ ልጻፈው» ካልሽም አይሆንም። ጳጉሜን ዐሥራ ሦስተኛ ወር ናት፤ የዳታቤዙ ቀን ደግሞ ዐሥራ ሁለት ወር ብቻ ነው የሚያውቀው። ጳጉሜን የመጨረሻ ናት፣ እናልፋታለን ብትይ ጥቅምት 30 ይይዝሻል። ጥቅምት ሁለተኛ ወር ነው፤ ዳታቤዙ ሁለተኛ ወር ሲባል ፌብሯሪን ነው የሚያስበው፤ ፌብሯሪ ደግሞ 30 የላትም። አስገቢው ባለሙያ ትክክለኛ ቀን ጽፎ «የተሳሳተ ቀን» ሲባል አስቢው።

ስለዚህ ውስጡን በፈረንጅ አቆጣጠር፣ በእውነተኛው የቀን ዓይነት አስቀምጪ፤ ለተጠቃሚው ስታሳዪ ብቻ ወደ ኢትዮጵያ ቀይሪው። የ2017 በጀት ዓመት ሪፖርት ተፈለገ? ሐምሌ 1 ቀን 2016 ጁላይ 8 ቀን 2024 ነው። ኩዌሪሽ «ከጁላይ 8 ቀን 2024 ጀምሮ፣ ከጁላይ 8 ቀን 2025 በፊት» ይላል፤ ሰኔ 30ም ሙሉ ቀኑን ውስጥ ይገባል። ዓምዱን በምንም ፈንክሽን አልጠቀለልሽውም፤ ስለዚህ ቀኑ ላይ ያለው ኢንዴክስ ይሠራል። ዓመቱን ከቀኑ ውስጥ አውጥቶ ማወዳደር ግን እያንዳንዱን ረድፍ ማስላት ይሆናል።

«ፍለጋችን አማርኛ ላይ ብቻ ነው የሚያስቸግረው። አማርኛ ለኮምፒውተር አይመችም።»

አማርኛን ተዉት! የማይመቸው የእንግሊዝኛ ሴቲንግ ነው፤ እሱን ማንም አልነካውም። ይህ ጉዳይ ከሁሉ በላይ ያንገበግበኛልና ትንሽ ልቆይበት።

ማይኤስኪውኤል ሠንጠረዦቹን የሚይዝበት ኢኖዲቢ የሙሉ ጽሑፍ ፍለጋ ኢንዴክሱን ሲሠራ፣ ካልነገሩት በስተቀር ከሦስት ፊደል ያነሰ ቃል አይመዘግብም። ለእንግሊዝኛ ብዙ ጉዳት የለውም። ለኛ ግን «ቤት» ሁለት ፊደል ነው። «ጤፍ» ሁለት ነው። «ቡና»፣ «ውሃ»፣ «ዋጋ»፣ «ሥራ» ሁለት ሁለት ናቸው። ቤት የሚያከራይ ድረ ገጽ ላይ «ቤት» ብሎ የፈለገ ሰው ምንም ውጤት የለም ይባላል። ሴቲንጉን ወደ 2 ማውረድ፣ ሰርቨሩን አስነሥቶ ኢንዴክሱን እንደገና መሥራት ነው መፍትሔው።

ከዚያ ወዲያ ደግሞ «የቤት»፣ «ለቤት»፣ «ከቤት» አሉ። ዳታቤዙ በክፍት ቦታ ስለሚለያቸው እያንዳንዱን ሌላ ቃል ያደርገዋል። ለዚህ ማይኤስኪውኤል ውስጥ ኤንግራም የሚባል ቃል ከፋፋይ አለ፤ ለቻይንኛ፣ ለጃፓንኛና ለኮሪያኛ ተብሎ የመጣ ነው፤ ጽሑፉን ሁለት ሁለት ፊደል እያደረገ ይመዘግባል። «የቤት» ሲገባ «የቤ» እና «ቤት» ሆኖ ይቀመጣል፤ «ቤት» ብሎ የፈለገ ያገኘዋል። «ቤቶች» ግን አሁንም ያመልጣል፤ «ት» ወደ «ቶ» ተለውጣለችና። እዚህ ላይ ኮድ መጻፍ የኛ ፋንታ ነው፤ ቅጥያውን እየገፈፈ ግንዱን የሚያስቀር።

የፊደሉም ጣጣ አለ። አንዱ «ፀሐይ» ብሎ ተመዝግቧል፣ ሌላው «ጸሀይ» ብሎ ይፈልገዋል። ለጆሯችን አንድ ነው፤ ለዳታቤዙ ግን «ፀ» እና «ጸ»፣ «ሐ» እና «ሀ» የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ጽሑፉን በሰውየው አጻጻፍ እንዳለ አስቀምጥለት፤ ስሙ የእሱ ነው፣ አታርምበት። ከጎኑ ሌላ የፍለጋ ዓምድ ክፈትና እዚያ ላይ ብቻ «ሐ» እና «ኀ»ን ወደ «ሀ»፣ «ሠ»ን ወደ «ሰ»፣ «ዐ»ን ወደ «አ»፣ «ፀ»ን ወደ «ጸ» መልስ። ኢንዴክሱን በዚያ ዓምድ ላይ ሥራ። ፈላጊው የጻፈውንም በዚያው መንገድ አሳልፈው። ይህ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፤ ሳይሠራ ቀርቶ ግን በየሆስፒታሉ ስንት ታካሚ ካርዱ «የለም» እየተባለ ሁለተኛ ካርድ ይወጣለታል።

ስለ ፊደል ካነሣን አይቀር፣ ማይኤስኪውኤል ላይ «ዩቲኤፍ8» የሚለውን የድሮውን ስም አትምረጥ፤ «ዩቲኤፍ8ኤምቢ4»ን ምረጥ። የድሮው ለአንድ ፊደል ከሦስት ባይት በላይ አይሰጥም። የተለመደው ፊደላችን በሦስት ባይት ይገባል፤ ለጉራጌ ቋንቋዎች ተብለው እ.ኤ.አ. በ2021 ዩኒኮድ ውስጥ የገቡት ፊደላት ግን አራት ይፈልጋሉ። የራሳችንን ፊደል በራሳችን ሲስተም በር ላይ ማስቆም አይገባም።

«እኔ ኩዌሪ አልጽፍም፤ ፍሬምወርኩ ነው የሚጽፍልኝ።»

ጻፍከውም አልጻፍከው፣ ባለቤቱ አንተ ነህ። 50 ዕቃ የሚዘረዝር ገጽ አለህ፤ ከእያንዳንዱ ዕቃ ጎን የሻጩ ስም ይወጣል። ፍሬምወርኩ ዕቃዎቹን በአንድ ኩዌሪ ያመጣል፤ ከዚያ ለእያንዳንዱ ዕቃ ሻጩን ለብቻው ይጠይቃል። 51 ኩዌሪ ሆነ። ኮዱ አዲስ አበባ፣ ዳታቤዙ አውሮፓ ተቀምጦ አንዱ ደርሶ መልስ 100 ሚሊሰከንድ ቢፈጅ፣ ገጹ ገና ሳይታይ 5 ሰከንድ አለፈ። እያንዳንዷ ኩዌሪ ብቻዋን ስትታይ ፈጣን ናት፤ ለዚህ ነው ጥፋቱ የማይታይህ። ጃንጎ ላይ «ሴሌክት ሪሌትድ» ወይም «ፕሪፌች ሪሌትድ»፣ ላራቬል ላይ «ዊዝ» በል፤ 51ዱ አንድ ወይም ሁለት ይሆናሉ።

ገጽ የምታገላብጥበትንም እይ። «ኦፍሴት» 100,000 ብለህ 20 ረድፍ ስትጠይቅ፣ ዳታቤዙ 100,020 አንብቦ መቶ ሺውን ይጥላል። በምትኩ መጨረሻ ያየኸውን ቁጥር ያዝና «ከዚህ ቀጥሎ ያሉትን 20 ስጠኝ» በለው።

«ሰርቨሩ ደክሞ ነው፤ ተለቅ ያለ እንግዛ» ይላሉ ሥራ አስኪያጁ።

ጋሼ፣ ያለውስ መቼ ተነካ? ማይኤስኪውኤል ሲጫን ለኢኖዲቢ የሚመድበው ሜሞሪ 128 ሜጋባይት ነው። ፖስትግሬስም «ሸርድ በፈርስ» የሚለውን በተለምዶ በዚያው 128 ሜጋባይት ይጀምራል። 16 ጊጋባይት ያለው ሰርቨር ገዝተው ይህን ቁጥር ማንም ካልቀየረው፣ ማይኤስኪውኤል ሜሞሪው ተርፎ ሳለ ዲስክ ላይ ይመላለሳል። ሰርቨሩ ለዳታቤዝ ብቻ ከሆነ ማይኤስኪውኤልን ከግማሽ እስከ ሦስት አራተኛ ይስጡት፤ ፖስትግሬስ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙንም ማቆያ ስለሚጠቀም በሩብ ይጀምር። ግዢውን ከዚህ በኋላ እንነጋገርበታለን።

«ይሁን፤ ግን ከዳታቤዞቹ የቱ ይሻላል? ኡበር ፖስትግሬስን ትቶ ወደ ማይኤስኪውኤል ሄዷል።»

ሄዷል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ምክንያቱን ጽፏል። ፖስትግሬስ ላይ አንድ ረድፍ ሲቀየር ኢንዴክሶቹ ሁሉ አብረው መነካታቸው በእነሱ የጽሕፈት ብዛት ከብዷቸው ነው። እነሱ የራሳቸውን ችግር ለክተው ሄዱ፤ አንተ ምን ለክተህ ትሄዳለህ? ፌስቡክ ያደገው ማይኤስኪውኤል ላይ ነው፣ ኢንስታግራም ፖስትግሬስ ላይ፤ የሁለቱም ባለቤት አንድ ድርጅት ነው። ውክፔዲያ፣ የአማርኛውም ጭምር፣ ማሪያዲቢ ላይ ይሠራል። ሦስቱም ለአንተ ሥራ ይበቃሉ።

ለአዲስ ሥራ እኔ ፖስትግሬስ እላለሁ። ማይክል ስቶንብሬከር በርክሌይ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1986 የጀመሩት ሥራ ዘር ነው፤ ዓይነት ሲሳሳት ዝም አይልም፣ ጄሰንም እስከ ኢንዴክሱ ይይዛል። ቡድንህ ማይኤስኪውኤልን ለዓመታት ካወቀው፣ ባክአፕ ወስዶ መመለስም ከቻለ ግን እሱው ላይ ቆይ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዳታቤዝ ሲወድቅ የሚያነሣው የለመደው እጅ ነው።

«ኖኤስኪውኤል ነው ዘመናዊው» የሚልም አለ። ደንበኛ፣ ትእዛዝ፣ ክፍያ እርስ በርስ የተሳሰረ ነገር ነው፤ ክፍያው ገብቶ ትእዛዙ ሳይመዘገብ ቢቀር ሰው ይከሳል። ከኖኤስኪውኤሎቹ አንዱ የሆነው ሞንጎዲቢ ራሱ ብዙ ሰነድን በአንድ ትራንዛክሽን መያዝ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ቅርጹ በየጊዜው የሚለዋወጥ ሰነድ ካለህ ይሁንልህ፤ ፋሽን ብለህ ግን የሰው ገንዘብ አታስይዘው።

«ኤስኪውኤላይት የልጅ ነገር ነው።» በኪስህ ያለው ስልክ ውስጥ እየሠራ ነው። ሠሪዎቹ በቀን ከመቶ ሺህ ጥሪ በታች ለሚያስተናግድ ድረ ገጽ ይበቃል ይላሉ። በአንድ ጊዜ አንድ ጸሐፊ ብቻ ነው የሚያስተናግደው፤ ይህን አውቀህ ለትንሽ ድረ ገጽ ብትመርጠው ማንም አያሳፍርህም።

«የኛ የማይኤስኪውኤል ሠንጠረዦች የድሮው ዓይነት፣ ማይአይሳም ናቸው፤ ሲቆጥሩ ፈጣን ናቸው።»

የረድፉን ብዛት ጽፈው ስለሚይዙ ሲቆጥሩ ፈጣን ናቸው፤ እውነት ነው። አንድ ሰው ሲጽፍ ግን ሠንጠረዡ በሙሉ ይቆለፋል፤ ሌላው ተሰልፎ ይጠብቃል። ኢኖዲቢ የሚቆልፈው ረድፉን ነው። መብራት በሥራ መሀል ሲጠፋ ደግሞ የማይአይሳም ሠንጠረዥ ሊበላሽ ይችላል፤ ጠጋኝ ይፈልጋል። ኢኖዲቢ ሲነሣ ከሎጉ አንብቦ ራሱን ያስተካክላል። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ማይኤስኪውኤል ሳይጠየቅ የሚሰጠው ኢኖዲቢን ነው። መብራት በሚሄድበት አገር የክፍያ መዝገብ ማይአይሳም ላይ ማስቀመጥ ጥፋት ነው፤ ይህን ለማንም ፊት ለፊት እናገራለሁ። ባክአፕ ውሰዱ፣ ቅጂው ላይ ሞክሩ፣ ቀይሩት።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። የዘገዩ ኩዌሪዎች መመዝገቢያ በማይኤስኪውኤልም በፖስትግሬስም ሲጫኑ ዝግ ነው፤ ማይኤስኪውኤል ላይ ብትከፍቱት እንኳ ዘገየ የሚለው ከ10 ሰከንድ በላይ የፈጀውን ብቻ ነው። ዛሬውኑ ክፈቱት፣ ወደ 1 ሰከንድ አውርዱት፣ ለአንድ ሳምንት ተዉት። ከላይ የወጣውን አንዱን ኩዌሪ አንሡና በኤክስፕሌይን እዩት። ኢንጂን ይቀየር የሚል ሰው ያንን መዝገብ ይዞ ስብሰባ ይግባ።